የፈረንሳይን የሎዋር ቤተ መንግሥታት በብስክሌት መጎብኘት፦ ስለ በጋ ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሎዋር ከደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ተራሮች ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባ፣ የአገሪቱ ረጅሙ ወንዝ ነው። ከሱሊ እስከ ሻሎን ያለው የሸለቆው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከታች ያሉት ይህን ሸለቆ በብስክሌት ለማየት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ ሰዓቶቹ ግን በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳይ ውስጥ ቤተ መንግሥት በየቦታው አለ። ሎዋር ለምን ተመረጠ?

የቤተ መንግሥታቱ መቀራረብና የመሬቱ ሜዳነት አንድ ላይ የሚገኙት እዚህ ስለሆነ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ተነሥተው ያለ ጥድፊያ ለምሳ ይደርሳሉ። «ላ ሎዋር አ ቬሎ» የሚባለው የብስክሌት መንገድ ከኔቨር ከተማ አቅራቢያ ጀምሮ እስከ ውቅያኖሱ ዳርቻ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር የሚደርሰው የ«ዩሮቬሎ 6» መስመር አንዱ ክፍልም ነው። ከፊሉ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ የወንዝ ዳር ጎዳና፣ ከፊሉ መኪና የማይበዛበት የገጠር መንገድ ነው። በየመገንጠያው ምልክት ስለተተከለ ካርታ ማንበብ የማይወድ ሰው እንኳ በቀላሉ ይጓዝበታል።

ይህን ያህል ቤተ መንግሥት በአንድ ሸለቆ እንዴት ተሰበሰበ?

ነገሩ የጀመረው በሽንፈት ነው። በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል በተካሄደው የመቶ ዓመቱ ጦርነት የመጨረሻ ምዕራፍ፣ ከ1420 እስከ 1436፣ ፓሪስ በእንግሊዞችና በአጋሮቻቸው እጅ ነበረች። አልጋ ወራሹ ሻርል ወደ ደቡብ ሸሽቶ መቀመጫውን በሎዋርና በአካባቢው አደረገ። ፈረንሳይን ለመታደግ የተነሣችው ወጣት ዣን ዳርክ በ1429 መጥታ ያነጋገረችው ሺኖን በተባለው ምሽግ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ነገሥታቱ አካባቢውን ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም። ለአደን ጫካ አለ፤ ዕቃ ለማጓጓዝ ወንዙ አለ፤ ለግንባታም ቱፎ የሚባለው ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ከገደሉ ይቆረጣል። ድንጋዩ የወጣባቸው ዋሻዎች እስከ ዛሬ አገልግሎት ላይ ናቸው። ሶሚር አካባቢ አንዳንዱ የወይን ጠጅ ማከማቻ፣ አንዳንዱ የእንጉዳይ ማብቀያ፣ አንዳንዱም መስኮትና በር ተበጅቶለት የሰው መኖሪያ ሆኗል።

ቀጥሎ የጣሊያን ጥበብ ገባ። ሻርል 8ኛ በ1494 ናፖሊን ለመያዝ ዘምቶ ሲመለስ ጣሊያናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ይዞ መጣ። ፍራንሷ 1ኛ ደግሞ በ1516 ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ወደ አምቧዝ ጠራው። ሽማግሌው ሊቅ ከንጉሡ ግቢ ጥቂት ርቆ በሚገኘው ክሎ ሉሴ በተባለ ቤት ተቀምጦ በ1519 አረፈ። ከሎዋር ቤተ መንግሥታት ትልቁ፣ ሻምቦር፣ መገንባት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው አንባቢ የራሱን ታሪክ ቢያስታውስ የሚያየው ነገር ይበልጥ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በዚያው ዘመን የዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ነበር። በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ያዩት ይህንኑ ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። የፍራንሷ አኗኗርም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ንጉሡ እጅግ ብዙ ሰውና ፈረስ አስከትሎ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ይዞራል፤ አልጋው፣ ምንጣፉ፣ የግድግዳው መጋረጃ ሁሉ አብሮት ይጓዛል፤ ሲሄድም ቤቱ ባዶውን ይቀራል። ሻምቦር ውስጥ ባዶ አዳራሽ ከባዶ አዳራሽ ሲከተል ያዩ ጎብኚዎች ዕቃው ተዘርፎ ይመስላቸዋል። በእርግጥም በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የተሸጠ አለ፤ ቤቱ ግን መጀመሪያውኑ የተሠራው ለዘወትር መኖሪያ አልነበረም። ፍራንሷ በ32 ዓመት ንግሥናው እዚያ ያደረው 72 ሌሊት ብቻ ነው።

የትኛው ወር ይሻላል?

በሐምሌና በነሐሴ አገር ቤት ዝናብ ሲወርድ በሎዋር በጋ፣ ፀሐይና ሙቀት ነው። ቀኑ ረጅም ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ ሕዝቡ ይበዛል፤ የሙቀት ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ቴርሞሜትሩ ከ35 ዲግሪ ይዘላል። ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ሰኔን ወይም የመስከረምን መጀመሪያ ይውሰዱ። ሐምሌና ነሐሴ ግድ ከሆኑብዎ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መንገድ ይጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት ወፍራም ግድግዳ ባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሳልፉት።

ስንት ቀን ይበቃል? ከየት ተነሥቼ ወዴት ልሂድ?

አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ግን በቀን አንድ ቤተ መንግሥት ብቻ በደንብ ለማየት ከወሰኑ ነው። ሁለተኛው የዓይን መዝናኛ ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው ግን ድካም ነው። በአውቶቡስ የሚመጡ ጎብኚዎች በአንድ ቀን አራት ይቆጥራሉ፤ ማታ የትኛው ደረጃ የየትኛው ቤት እንደነበረ ይምታታባቸዋል። በብስክሌት የመሄድ ጥቅሙ ይህን ከማድረግ መገደቡ ነው።

አቅጣጫውን በተመለከተ አብዛኛው ሰው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። አንደኛ፣ በአካባቢው የሚያይለው ነፋስ ከምዕራብ የሚነፍስ ስለሆነ ጀርባዎን ይገፋዎታል፤ የወንዙ ቁልቁለት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሽቅብ መሄድዎ አይታወቅዎትም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለእኔ ይበልጣል፦ ከምዕራብ ሲነሡ ቤተ መንግሥታቱን የሚያገኟቸው በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ነው ማለት ይቻላል። ከምሽግ ጀምረው ከእልፍኝ ይጨርሳሉ።

በባቡር ሶሚር ይግቡ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ፎንትቭሮ ገዳም ይሂዱ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ፣ ንግሥት ኤሌኖርና ልጃቸው ሪቻርድ አንበሳ ልብ በድንጋይ ተቀርጸው የተጋደሙት እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ሺኖን ይቀጥሉ። የሺኖን ምሽግ ከቪየን ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ተዘርግቷል፤ መስኮቱ ጠባብ፣ ግንቡ ደፋር ነው፤ ያ ቤት የተሠራው ለጠላት እንጂ ለእንግዳ አይደለም። በማግስቱ በኡሴ በኩል ወደ አዜ ለ ሪዶ። ከ1518 ጀምሮ አንድ የንጉሥ የገንዘብ ሹም በአንድር ወንዝ መካከል ባለ ደሴት ላይ የሠራው ቤት ነው፤ ጥግ ጥጉ ላይ ያሉት ትንንሽ ማማዎች ለመዋጋት ሳይሆን ለማማር የቆሙ ናቸው። ከሺኖን የመጣ ዓይን ልዩነቱን ወዲያው ያያል።

ሦስተኛው ቀን ለቪላንድሪ ነው። እዚህ አትክልቱ ከሕንፃው ይበልጣል። ጆአኪን ካርቫዮ የተባለ ስፔናዊ ሐኪም ከአሜሪካዊት ባለቤቱ ጋር በ1906 ቤቱን ገዝቶ ጥንታዊውን የአትክልት ሥፍራ እንደገና ተከለው። ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ዱባው እንደ ጥልፍ በቀለም ተሰድሮ ተዘርቷል። የአትክልቱን ቲኬት ብቻ መግዛት ስለሚቻል ሕንፃውን ቢተዉት አይጎዱም። ማታ ቱር ይግቡ። ከዚያ አምቧዝ፤ እዚያ ሁለት ሌሊት አድረው አንዱን ቀን በጫካው በኩል ወደ ሸኖንሶ ቤተ መንግሥት ደርሰው ይመለሱ፤ መንገዱ በአንድ ወገን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከከተማው ሲወጡ አጭር ዳገት አለው። አምቧዝ ላይ ሻርል 8ኛ በ1498 ራሱን ከበር ጉበን ጋር አጋጭቶ በ27 ዓመቱ ሞተ፤ የሊዮናርዶም መቃብር በግቢው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ከአምቧዝ ወደ ብሏ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብሏ በአንድ ግቢ ዙሪያ የአራት ዘመን አሠራር የቆመበት ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ በታኅሣሥ 1588 ተቀናቃኙን የጊዝን መስፍን ያስገደለበት ነው። በመጨረሻው ቀን ሻንጣዎን ብሏ ትተው ሻምቦርንና ሸቨርኒን በአንድ ዙር፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ይጎብኙ። በቀን አንድ ያልኩትን ሕግ የምጥሰው ለዚህ ዙር ብቻ ነው፤ ሸቨርኒ ትንሽ ነው፣ ክፍሎቹም ዕቃቸው እንደተሟላ ስለሆነ ከባዶው ሻምቦር ቀጥሎ ማየቱ ትልቅ ትምህርት ነው።

አንድ ብቻ ማየት ብችል የትኛውን ልምረጥ?

ሸኖንሶን። ሻምቦር ትልቁ ነው፤ ከ400 በላይ ክፍል፣ 282 የእሳት ምድጃ፣ 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የአጥር ግንብ አለው፤ በመካከሉ ያለው ጥንድ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሰው በመስኮት እያስተያየ ፈጽሞ ሳያገናኝ ያሳልፋል። ያስገርማል። ሸኖንሶ ግን ልብ ውስጥ ይገባል።

ቤቱ የቆመው ሼር በሚባለው ወንዝ ላይ ነው፤ ቤቱ ራሱ ድልድይ ነው። ታሪኩንም የሠሩት ሴቶች ናቸው። ባለቤቷ በጣሊያን ዘመቻ ላይ ሳለ ግንባታውን የመራችው ካትሪን ብሪሶኔ ናት። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ቤቱን በ1547 ለእቁባቱ ለዲያን ደ ፗቲዬ ሰጣት፤ ድልድዩን ያሠራችው እርሷ ናት። ንጉሡ በ1559 በጦር ግጥሚያ ጨዋታ ቆስሎ ሲሞት ንግሥቲቱ ካትሪን ደ ሜዲቺ ዲያንን አስለቅቃ ሾሞን የተባለውን ቤት በለውጥ ሰጠቻት። በድልድዩ ላይ 60 ሜትር የሚረዝመውን አዳራሽ የጨመረችው ካትሪን ናት። በአብዮቱ ጊዜ ደግሞ ሉዊዝ ዱፔን የተባለች የተማረች ባለቤት ቤቱን ከጥፋት አተረፈችው።

አዳራሹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ የሼር ወንዝ ጀርመኖች በያዙትና ባልያዙት ምድር መካከል ድንበር ነበር፤ የቤቱ ዋና መግቢያ በተያዘው በኩል ሲሆን የአዳራሹ የደቡብ በር ወደ ነጻው ወገን ይከፈታል። በዚያ በር ያመለጡ ሰዎች ነበሩ። ወለሉን ሲረግጡ ይህን ያስቡ። በር እንደተከፈተ ለመግባት ይሞክሩ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ አውቶቡሶቹ ይደርሳሉ።

ብስክሌት የመንዳት ልምዴ ትንሽ ነው። እችለዋለሁ?

በሜዳ ላይ ለሁለት ሰዓት ያለ ጭንቀት መንዳት ከቻሉ፣ አዎ። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ከ100 ሜትር በታች ወደሆነ ሸለቆ ስለሚወርድ ትንፋሹ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው የኮርቻው መቀመጫ ነው። ከጉዞው በፊት ቅዳሜና እሑድ እየወጡ ሰውነትዎን ያለማምዱ።

የራሴን ብስክሌት ልውሰድ ወይስ እዚያ ልከራይ?

ከኢትዮጵያ፣ ከአሜሪካ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከመጡ ይከራዩ። በቱር፣ በአምቧዝና በብሏ አከራዮች አሉ፤ ከአንዱ ከተማ ተከራይቶ በሌላው መመለስም ይቻላል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከሆነማ ምርጫ የለም፤ የባትሪው ኃይል ለመንገደኛ አውሮፕላን ከሚፈቀደው ስለሚበልጥ አያሳፍሩዎትም።

ነዋሪነትዎ አውሮፓ ከሆነና የራስዎን ከያዙ፣ ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ ወደ ኦርሌዋንና ብሏ በሚሄዱት የክልል ባቡሮች ብስክሌት ይጫናል። በበጋ ቦታው ቶሎ ይሞላል፤ አስቀድመው ይያዙ። በፈጣኑ ባቡር ቴዤቬ ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ እስከ ቱር አካባቢ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ ነገር ግን ለብስክሌት ቦታ መኖሩን በየባቡሩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ጎማውን ፈትቶ በቦርሳ መያዝ ነው።

ቪዛስ?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀር መግባት አለበት፤ ለበጋ ግን ሦስት ወር ቀደም ማለት ብልህነት ነው። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ይጠየቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሕጋዊ መኖሪያ ፈቃድ የሚኖሩ እዚያው ያመለክታሉ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያሉ።

ለብስክሌተኛ አንድ ልዩ ነገር አለ። በየሌሊቱ የሚያድሩበት ቦታ ስለሚለያይ የእያንዳንዱ ሌሊት የመኝታ ማረጋገጫ በቀን ቅደም ተከተል ተሰድሮ፣ ከአንድ ገጽ የጉዞ መርሐ ግብር ጋር ቢቀርብ ማመልከቻው ግልጽ ይሆናል። ያለ ቅጣት ሊሰረዙ የሚችሉ ቦታዎችን ይምረጡ።

ወጪው ምን ያህል ነው?

የትልልቆቹ ቤተ መንግሥታት መግቢያ ከ15 እስከ 20 ዩሮ አካባቢ ነው፤ ሻምቦር ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ ከዚህ ሊበልጥ ስለሚችል የራሱን ድረ ገጽ ይመልከቱ። ተራ ብስክሌት ለአንድ ቀን ከ15 እስከ 20 ዩሮ ገደማ ይከራያል፤ የኤሌክትሪኩ እጥፍ ነው። መኝታ ላይ ነው ልዩነቱ። በየመንደሩ ማዘጋጃ ቤት የሚያስተዳድራቸው የድንኳን መስኮች ርካሽና ንጹሕ ናቸው። «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት የለጠፉ ማረፊያዎች ደግሞ ከብስክሌት መንገዱ ከ5 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ፣ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና ጎማ ቢተነፍስ የሚጠግኑበት መሣሪያ ያዘጋጁ ናቸው።

የፍልሰታ ጾም ላይ ብሄድ ምን እበላለሁ?

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በእነርሱ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ በጉዞው ወቅት መካከል ይወድቃል። ምግቡ አያስቸግርም። ባጌት የሚባለው ረጅሙ ዳቦ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፤ ክሩዋሳንና ብሪዮሽ ግን ቅቤ አለባቸው። በየከተማው የገበያ ቀን አለ፤ ቲማቲም፣ ኮክ፣ ሜሎን፣ ወይራ፣ ለውዝ እንደልብ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ የሌለበት ለማለት «ቬጋን» ቢሉ ይገባቸዋል።

የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። የፈረንሳይ ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ኩሽናው ይዘጋል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ማዕድ የሚያገኘው ማታ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠዋት ዳቦና ፍራፍሬ ገዝቶ በቦርሳ መያዝ ግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ በ35 ዲግሪ ሙቀት ያለ ውኃ እስከ 9 ሰዓት ብስክሌት መንዳት ለሕይወት ያሰጋል። ወይ ጉዞውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ያድርጉ፣ ወይም ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይመካከሩ።

ውኃ መንገድ ላይ ከየት ይገኛል?

በየመንደሩ አደባባይ ቧንቧ አለ። ከጠፋ የመንደሩን መካነ መቃብር ይፈልጉ፤ አበባ ለማጠጣት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ቧንቧ አለበት። «የማይጠጣ» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩን ግን ይመልከቱ። ምግብ ቤት ሲበሉ የቧንቧ ውኃ በጆግ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

ከልጆች ጋር ይሆናል?

ይሆናል፤ ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ተሳፋሪም ቢሆን፣ የራስ ቁር ማድረግ በሕግ ግዴታው ነው። ሻምቦርና አዜ ለ ሪዶ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን በነጻ ያስገባሉ። ለልጆች በቀን 20 ኪሎ ሜትር በቂ ነው።

ማወቅ ያለብኝ ሕግ አለ?

ብስክሌቱ ደወል፣ የፊትና የኋላ መብራት ሊኖረው ይገባል። በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መንዳት ክልክል ነው። ከከተማ ውጭ በጨለማ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ይለበሳል። የወይን አገር ስለሆነ ይህም ይታወቅ፦ በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን፣ በሊትር 0.5 ግራም፣ ለብስክሌተኛም ይሠራል። የድንገተኛ አደጋ ስልክ 112 ነው።

ሞቃት ስለሆነ ሎዋር ውስጥ ልዋኝ?

አይዋኙ። ወንዙ በበጋ ጥልቀት የሌለውና የተኛ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የሚጎትት ሞገድና እግር ሥር የሚናድ አሸዋ አለ። በአብዛኛው ክፍሉ መዋኘት የተከለከለ ነው፤ በየዓመቱም ምክሩን ያልሰሙ ሰዎች ይሰምጣሉ። በየከተማው የሕዝብ መዋኛ ገንዳ አለ፤ አንዳንዶቹ ሰፊ የወንድ ቁምጣ ስለማይፈቅዱ አጭርና ጥብቅ የሆነ የዋና ልብስ ይያዙ።